ከቁርጥራጩ ከረጢት የወጣው

ንጹሕ ሞዴስ፣ ያውም ስምንት፣ ምን ሲባል ነው ከቁርጥራጭ ጨርቅ መካከል የሚደበቀው? ልብስ ሰፊዋ አያት ይህን ጥያቄ ለራሳቸው ሦስት ጊዜ አቀረቡ። የቁርጥራጩን ከረጢት በጉልበቶቻቸው መካከል ይዘው፣ ከስፌት መኪናቸው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ተራ ለሚጠብቁ ደንበኞቹ መቀመጫ የሚሆን ሦስተኛ ትራስ አዝዟቸው ነበር። የፊተኞቹን ሁለት ትራሶች የሞላቻቸው የልጅ ልጃቸው ናት፤ ይህንንም “ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔ እሞላዋለሁ፣ አንቺ እንዳትነኪው እምዬ” ብላ ነበር። እሳቸው ግን ያደረ ሥራ ሲያዩ እጃቸውን የሚበላቸው ሴት ናቸው። ልጅቷ ደረጃውን ወርዳ እንዳበቃች ከረጢቱን ጎትተው አወጡ፤ እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ጨርቁን መዘርገፍ ሲጀምሩ፣ በአሮጌ የመጋረጃ ቅዳጅ የተጠቀለሉት ስምንቱ ዱብ ዱብ አሉ። ነጫጭ፣ እጥፋታቸው እንኳ ያልተፈታ፣ ጠብታ ያልነካቸው።

በዚህ ቤት ሞዴስ የሚገዙት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው፣ ማለትም የልጅቷ እናት፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ሳይነጋ ወጥታ ከመሸ ትገባለች፤ የልጅ ነገር ሁሉ በአያት ጫንቃ ላይ ነው። ፓኮውን ከቁም ሣጥኑ ሁለተኛ መደርደሪያ፣ ከአንሶላዎቹ ጎን ያኖሩታል፤ በውስጡ ስንት እንደቀረም ያውቃሉ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፣ ቁልፍና ዚፕ ሲቆጥር የኖረ እጅ ሆኖባቸው ነው። ጊዜው ደርሶ ፓኮው ሲጎድል፣ በቆሻሻ ቅርጫቱም ውስጥ ሮዙን የላስቲክ መጠቅለያ ሲያዩ፣ “እሰይ፣ መጣላት” ብለው በልባቸው ያመሰግናሉ። አሁን ግን ነገሩ ተገለጠላቸው። ልጅቷ መጠቅለያውን ቀድዳ እሳቸው እንዲያዩት ቅርጫቱ ውስጥ ትጥላለች፤ ውስጡን ሳትነካ እዚህ ትደብቃለች። የወር አበባዋ አልመጣም ማለት ነው። እንዳልመጣ ደግሞ እሳቸው እንዲያውቁባት አልፈለገችም።

ቀና ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ። ልብስ ላይ መስመር በሚያሰምሩበት ሰማያዊ ጠመኔ በየሃያ ስምንት ቀኑ ያደረጓቸው ትንንሽ ጭረቶች እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተደርድረዋል። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው የመጣው ከሦስት ወር ተኩል በፊት ነበር፣ ሁለተኛው ከወሩ ጥቂት አለፍ ብሎ። ያኔ ፊቷ ላይ የሆድ ቁርጠቱን አይተውታልና እነዚያ እውነተኞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁለቱ ግን ውሸት መሆናቸው ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንቱ ውሸት ይኸው እጃቸው ላይ አለ። የፊተኛውስ የት ገባ? ትራሶቹን የሞላችው እሷ መሆኗ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ልጅቷን “ሜትሬ” ብለው ይጠሯታል። ዳዴ ስትል ጀምሮ የመለኪያ ሜትራቸውን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትዞር ስለነበር ነው ስሙ የወጣላት፤ አሁን ደግሞ ቁመቷና ቅጥነቷ ስሙን አጸደቀላት። በትምህርት ቤቷ ስምንት መቶ ሜትር የሚቀድማት የለም። ዛሬ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ቡድኑ ለሦስት ቀን ውድድር ወደ ሌላ ከተማ ይጓዛል፤ የሚያስፈልገው የአሳዳጊ ፊርማ ብቻ ነው። እናቷ ትናንት ማታ ካልሲዋን እያወለቀች፣ “እኔ ለመፈረም እንኳ እጄ አይታዘዘኝም፤ አንቺው ፈርሚላት” ብላ ወረቀቱን የስፌት መኪናው ላይ ትታው ተኛች። ወረቀቱ አሁንም እዚያው ነው፤ የመኪናው ብረት ላዩ ላይ ተጭኖት ክር የሚጠብቅ ጨርቅ ይመስላል። ልጅቷ ለዚህ ጉዞ ቀን ስትቆጥር ወር ሞልቷታል። አያትየዋ ወረቀቱን አይተው ስምንቱን ነጫጭ አዩ። እንዲህ ያለች ልጅ፣ ምን እንዳገኛት ሳይታወቅ፣ እንዴት ከዓይን ትራቅ? በሽታ ይሁን፣ ወይስ ያ በልባቸው እንኳ ስሙን ሊጠሩት የማይፈልጉት ነገር? ወረቀቱን አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ቆለፉበት።

ለልጃቸው እንዳይደውሉ መሪ የያዘች ሹፌር ስልክ አታነሳም። ረፋዱ ላይ የወተት መደብሯ ሴትዮ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ሰፈሩ “ሬዲዮ” ይላታል፤ በፊቷም ይጠሯታል፣ እሷም አትቀየምም፣ “ባትሪ ግዙልኝ እንግዲህ” ትላለች። ለሷ መንገር ለገበያ መንገር እንደሆነ ሰፊዋ ያውቃሉ፤ ግን የጨነቀው ሰው ግድግዳም ያማክራል። መርፌ ቁልፉን በከንፈራቸው እንደያዙ፣ አንዲት የሚያውቋት ልጅ እንዲህና እንዲህ ሆናለች ብለው ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቋት። ሬዲዮ በመስታወቱ ወገቧን እያየች፣ ሩጫ የሴት ልጅን ማህፀን ያናውጣል ሲባል ሰምታለች አለች። ማን ሲል ቢሏት፣ ሲሉ ነዋ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“እንዲህ ያለውን ነገር አፍ ቢደብቀው ሆድ ያወራዋል። አሠልጣኙንም ሌላውንም ወንድ በዓይናችሁ ጠብቁ በያቸው፣ እናትየዋም አትተኛ።”

ልጅቷ ትሮጣለች ብለው አልነገሯትም ነበር። ሬዲዮ ከወጣች በኋላ ቀሚሱን ቢያነሱት፣ የግራው ጠርዝ ከቀኙ በአንድ ጣት ተርፎ ተወግቷል። በአርባ ዓመት የስፌት ዘመናቸው እንዲህ ያለ ስህተት በእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ቀሚሱን ወንበር ላይ ጣሉት፣ ነጠላቸውን ደረቡ፣ ቤቱን ቆልፈው ሦስቱን ፎቅ ደረጃ ወረዱ። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ወደ ውስጥ ሳይጥሉ አለፉ።

የማዕዘኑ መድኃኒት ቤት ጠባብ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ፋርማሲስት መነፅር ያደረገች ወጣት ናት፤ እሳቸው ግን ተራቸው ሲደርስ የሳል ሽሮፕ ለሚገዛው ሰውዬ ለቀቁ፣ ቀጥሎ ፋሻ ለምትፈልገው ለቀቁ፣ ቤቱ ባዶ እስኪሆን የጥርስ ሳሙናዎቹን ሲያነቡ ቆዩ። “የጎረቤት ልጅ ናት” ብለው ጀመሩ። ፋርማሲስቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዕድሜዋን ጠየቀች፣ መቼ እንደጀመራት፣ ከመጨረሻው ስንት ቀን እንደሆነው፣ ያማት እንደሆነ፣ ምግብ ትበላ እንደሆነ፣ ሌላም ሌላም ረጋ ብላ ጠየቀች። ሰባ ቀን፣ አሉ፤ ሰባውን ቀን እንዴት እንደቆጠሩት ራሳቸውም ገረማቸው። እንደ ጤነኛ ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ ትስቃለች። እንደውም ከትናንት ወዲያ ደረጃው ላይ ከሳቸው ጋር ተሽቀዳድማ ሆን ብላ ተሸንፋላቸዋለች። ፋርማሲስቷን የሰማችው ሁሉ እምብዛም ያስደነገጣት አይመስልም።

“ጎረቤትዎ ምን ይሠራሉ እማማ?” አለች።

“ልብስ ሰፊ ናት” አሉ ሳያስቡት። ጣታቸው ላይ የቀረውን ክር ግን ያኔ ነው ያዩት።

“እንግዲያው በልብስ ልንገርዎ።”

ከአንጎል ሥር፣ አለች ፋርማሲስቷ፣ አተር የምታህል ዕጢ አለች፤ አዛዧ እሷ ናት። ትእዛዟ ሆርሞን ይባላል፤ በደም ተጉዞ እንቁላል ከሚያበስሉት ሁለት ዕጢዎች ዘንድ ይደርሳል። እነሱ በተራቸው ለማህፀን የራሳቸውን ሆርሞን ይልካሉ፤ ማህፀንም ገበር መስፋት ትጀምራለች፤ ለስላሳ፣ ወፍራም ገበር፣ ምናልባት እንግዳ ይመጣ እንደሆነ ብላ። እንቁላል ወጥቶ እንግዳ ሳይመጣ ሲቀር የሆርሞኑ መጠን ይወርዳል፤ ገበሩ ይተረተርና ይወጣል፤ የወር አበባ የሚባለው ያ ነው። ከዚያ እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። ለጀማሪ ልጅ ግን አዛዧና ታዛዦቹ ገና አልተለማመዱም። ትእዛዙ ይዘገያል፣ አንዳንዴ እንቁላሉ ሳይወጣ ይቀራል፣ ስለዚህ አንዱ በሃያ አንድ ቀን፣ ሌላው በአርባ አምስት ቀን፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይመጣል። እስኪስተካከል ሁለት ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ሰፊዋ አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሰሙ። ገበር፣ መተርተር፣ እንደገና መስፋት። ስልሳ ሁለት ዓመት ይዘውት የዞሩትን ገላ በዚህ ቋንቋ የነገራቸው ሰው አልነበረም። “አዲስ መኪና ሲገዛ እንዲሁ ነው” አሉ። “የላዩና የታቹ ክር እስኪስማሙ አንዴ ይጨማደዳል፣ አንዴ ይዘላል። መኪናው ተበላሸ ብሎ የሚጮህ ጀማሪ ሰፊ ነው። ትንሽ ትንሽ እያላላህ፣ እያጠበቅህ፣ መታገሥ ነው።”

“ይህን ያኔ ተማሪ ሳለሁ ቢነግሩኝ ኖሮ ፈተናውን ባልወደቅኩ” አለች ፋርማሲስቷ። ከዚያ ደግሞ ምክሯን ጨመረች። ሦስት ወር ሙሉ ከጠፋ ሐኪም ይያት፤ ሩጫው አይጎዳትም፤ የሚሮጥ ሰውነት ግን ምግብ ካነሰው አዛዧ ትእዛዟን ታቋርጣለችና በደንብ ትብላ። ሰፊዋ አመስግነው ሊወጡ በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ፋርማሲስቷ ከኋላቸው አንድ ነገር ጠየቀች። “ግን ለምን ደበቀች እማማ? መዘግየቱ እኮ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አንድ ሰው አስፈራርቷት ይሆን?”

የሰፊዋ እጅ በበሩ እጀታ ላይ ቀረ። የልጅ ልጃቸው የወር አበባ የመጣበትን ያን የመጀመሪያ ቀን በዓይነ ሕሊናቸው አዩት። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ፣ እሳቸው ደግሞ በኩራት ቆመው። የሳቸው እናት አንዲት ቃል ሳትነግራቸው ስለሞተች፣ እኔ ለልጄ ልጅ እንዲህ አላደርግም ብለው ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ሳሉ መምህርታቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣለችውን፣ ለሃያ ስምንት የተከፈለ ክብ አስታውሰው ለዚያ ቀን ተዘጋጅተዋል። ጠመኔያቸውንም አንሥተው ከቀን መቁጠሪያው ፊት ቆመው ነበር። በየሃያ ስምንት ቀኑ፣ እንደ ሰዓት፣ ብለዋታል። ሳይመጣ ከቀረ አንድ ነገር አለ ማለት ነውና ወዲያው ንገሪኝ ብለዋታል። ሰው ለልብስ ልክ ይወስዳል፤ እሳቸው ግን ልክ ሳይወስዱ ቆርጠው፣ ልጅቷን በግድ እንድትገባበት አደረጉ። ልጅቷም አልገባ ሲላት፣ ገብቶልኛል ብላ ዋሸች፤ አያቷ እንቅልፍ እንዳታጣ ብላ። አንድ መርፌ ቢጠፋ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈልጉ አያት እንዳሏት ታውቃለችና።

“አስፈራርታታለች” አሉ ዘወር ብለው። “አያትየዋ ናት።”

“በሉ እንግዲህ፣ የጎረቤትዎን ልጅ አያት ሰላም በሉልኝ” አለች ፋርማሲስቷ፣ ፈገግታዋን ወደ መድኃኒት ሣጥኖቹ እያዞረች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሌላም ነገር ትዝ አላቸው፤ ከተረሳ ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ነው። የሳቸውም አንድ ክረምት ሙሉ ጠፍቶ ነበር። ያን ክረምት እሞታለሁ ብለው፣ እህላቸውን እያስተረፉ፣ ጥግ ይዘው ከረሙ። ቀሚሳቸውን ለታናሽ እህታቸው ተናዝዘውላት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ ዝም ብሎ መጣ፤ ቀሚሱን አስመለሱት፣ እህታቸውም ስታለቅስ ዋለች። እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል? ብቻቸውን እየሳቁ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ደረሱ። አሁን ግን ቆመው ወደ ውስጥ አዩ። ሁለት ጎልማሶች ሁለቱ ትራሶች ላይ ተመቻችተው ጋዜጣ ይቀባበላሉ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንዳንጠለጠለ፣ እነዚህ ትራሶች ከምን እንደተሠሩ ደንበኛው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ አንዳንዱ ተላጭቶ ጨርሶም አልነሣም ይላል፣ ሦስተኛውን ልክ እንደነዚህ ያድርጉልኝ አላቸው። “የቤት ምስጢር ነው፣ የኔ ልጅ” አሉት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ የደረጃውን ብረት ይዘው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ቤት ገብተው መጀመሪያ የሬዲዮን ጠርዝ አስተካከሉ። ቀጥሎ ሦስተኛውን ትራስ በቁርጥራጩ ሞልተው ሰፉት፤ ስምንቱን ነጫጮችም መሐል አድርገው ከተቷቸው፤ ልክ እንደነዚያ አድርጉ ተብለው የለ። ከዚያ የልጅቷን ጥቁር ቱታ ከተንጠለጠለበት አወረዱ። በግራ በኩል ከወገቡ ላስቲክ ሥር፣ በውስጥ፣ ከቁርጥራጩ የመረጧትን ለስላሳ የገበር ጨርቅ አስተኙና ኪስ ሰፉ፤ ከውጭ የማትታይ፣ ስትሮጥም የማትጎረብጥ። ከቁም ሣጥኑ መጠቅለያቸው ያልተቀደደ ሁለት ሞዴስ አውጥተው አጣጥፈው ከተቱበት። ቱታውን ገልብጠው አዩት፣ ጎትተው ሞከሩት፣ አንድ ክር ቆርጠው ጣሉ። ሁለት እንቁላል ቀቅለው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ ወተት ቀድተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የመሳቢያውን ቁልፍ አውጥተው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት፣ መልሰው አወለቁት።

ልጅቷ በስምንት ሰዓት ገባች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትመጣ ከታች ጀምሮ ተሰምታለች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ትራሱን አየች። ባዶውን ከረጢት አየች። ጉንጮቿ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀሉ፤ በሩ ላይ እንደ ተተከለ ችንካር ቀረች። በዚህ ቤት ከባድ ነገር የሚነገረው መኪናው እየሠራ ነው፤ የእናትና የአባቷ መለያየት የተነገረውም እንዲሁ ነበር። አያትየዋ ጀርባቸውን ሰጥተው አንድ ቁራሽ ጨርቅ መኪናው ሥር አስገቡ፤ የሚሰፋ ነገር አልነበራቸውም። መርገጫውን እየረገጡ፣ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሡ፣ ስለ አተሯ አዛዥ ነገሯት፣ ስለ ገበሩ፣ እንግዳ ሲቀር ስለሚተረተረው ስፌት፣ ስለላዩና ስለታቹ ክር። ሦስት ወር ከሞላ አብረው ሐኪም ዘንድ እንደሚሄዱም ነገሯት፤ ምርመራው ለማወቅ ያህል ነው እንጂ ለመፍራት አይደለም። ስላሳለፉት ክረምትና ለእህታቸው ስለተናዘዙት ቀሚስ ሲደርሱ ከኋላቸው ትንሽ የአፍንጫ ድምፅ ሰሙ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ለማየት አልዞሩም። ከዚያ እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ። መኪናው ዝም አለ።

“ሃያ ስምንት ያልኩሽ ልክ አልነበረም፣ ሜትሬ። ሳልለካሽ ነው የቆረጥኩት።”

የልጅቷ ቦርሳ ወለሉን ሲነካ ተሰማ። “ታዲያ እኔ አልታመምኩም?” አለች፣ በጣም በቀጭን ድምፅ።

“ምን ታመምሽ። ተበላሸ ብላ የጮኸችው ሰፊዋ ናት። በይ ብይ፣ ወተቱ ላዩ ሊጋገር ነው።”

በላች። ሁለቱንም እንቁላል በላች፣ ዳቦውንም ጨመረችበት። አያትየዋ መሳቢያውን ከፍተው ወረቀቱን አወጡ፤ እጥፋቱን በመዳፋቸው ደጋግመው አስተካክለው፣ መነፅራቸውን አድርገው፣ በስምንተኛ ክፍል የእጅ ጽሑፋቸው ፊደል በፊደል ፈረሙ። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ቱታዋን ስትለብስ እንቅስቃሴዋ ድንገት ቆመ። አያትየዋ አልጠየቁም፤ እጇ የት እንደደረሰ ያውቁታል። ትንሽ ቆይታ ወጣች። ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሣች፣ ቦርሳዋን አጠለቀች፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደች። በአውራ ጣቷ፣ ከፊታቸው ካለው ወር ጀምራ እስከ ዓመቱ መጨረሻ፣ ሰማያዊዎቹን ጭረቶች አንድ በአንድ ጠረገቻቸው። ሁልጊዜ ስትወጣ “እምዬ ሄድኩ” ትላለች፣ እሳቸውም “ውሻ አይንከስሽ፣ መኪና አይንካሽ፣ ብርድ አይምታሽ” እያሉ ደረጃው እስኪያልቅ ይከተሏታል። የዛሬውን ሁሉ ሊሏት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሰማያዊውን አውራ ጣቷን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አሳረፈች፤ በሩን ከፈተች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች።